«አጥፍተሽ ግቢ!»

በአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ በየቀኑ ከሚሰጡ ትዕዛዞች ሁሉ አንዷን ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይቺን ነው፤ «ቦይለሩን አጥፍተሽ ግቢ!» ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ባኞ ቤት የሚያመራ ሁሉ ይሰማታል፡፡ እናት ለልጇ፣ እህት ለወንድሟ፣ አከራይ ለተከራይ ይሏታል፡፡ እንግድነት ሄደን ያደርን እንደሆነ ደግሞ ፎጣና ሳሙና ከመሰጠቱ በፊት የምትሰጠን መመሪያ እሷው ናት፡፡

ትዕዛዟ ክፋት የለባትም፡፡ ከፍቅር የመጣች ናት፡፡ ግን ወዳጆቻችን፣ እስቲ ለአፍታ ቆም ብለን እናስባት፡፡ ፍሪጅ ለመክፈት ስንነሳ «አጥፍተሽ ክፈቺ» ያለን ሰው አለ? ቴሌቪዥን ለማየትስ? ከቤታችን ዕቃዎች ሁሉ እየሠራ ልንጠቀምበት የምንፈራው ቦይለሩን ነው፡፡ ያውም ራቁታችንን፣ ውሃ ውስጥ ቆመን የምንጠቀምበትን! ነገሩን ገለጥ አድርገን ካየነው «አጥፍተሽ ግቢ» ማለት «ይህ ዕቃ አንድ ቀን ሊገድልሽ ይችላል፤ እኛም እናውቃለን፤ ሳናስመረምረው ግን አብረነው እንኖራለን» ማለት ነው፡፡

እኛ ደግሞ የምንለው ይቺ ትዕዛዝ በክብር ጡረታ ትውጣ ነው፡፡ ጡረታ ለማስወጣት የሚያስፈልገው ተአምር አይደለም፡፡ አንዲት ትንሽ ቫልቭ፣ አንዲት ሽቦ፣ በዓመት አንድ ጠዋት፣ ተከራይ ለሆነ ሰው ደግሞ የኪራይ ውሉ ላይ የምትጨመር አንዲት አንቀጽ ናት፡፡

ለፍል ውሃ የተቆረቆረች ከተማ

ሙቅ ውሃ ቅንጦት ነው የሚለን ካለ ታሪክ እናጣቅስለት፡፡ ይቺ ከተማ እኮ የተቆረቆረችው በሙቅ ውሃ ሰበብ ነው! በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ባያሠሩ ኖሮ ዛሬ አዲስ አበባ የምንላት ከተማ ባልኖረች ነበር፡፡ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ፣ በታኅሣሥ ጠዋት ከቧንቧ የሚወርደውን ውሃ ጀርባው ላይ የቀመሰ ሰው በእቴጌይቱ አይፈርድም፡፡

ያኔ ውሃውን የምታሞቀው ምድር ራሷ ነበረች፡፡ ጥገና አትጠይቅም፣ ብሬከር አትጥልም፡፡ ዛሬ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ፍል ውሃ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ላይ ሰቅለናል፡፡ ዕቃው ሲሰቀል ቤተሰብ ይሰበሰባል፤ ከተሰቀለ በኋላ ግን እስኪበላሽ ድረስ ቀና ብሎ የሚያየው የለም፡፡

በርሜሉ ውስጥ ምን አለ?

ቦይለር ሲገለጥ ብዙ ምሥጢር የለውም፡፡ አብዛኛውን ጊዜ 30፣ 50 ወይም 80 ሊትር ውሃ የሚይዝ የብረት በርሜል ነው፡፡ ከሥሩ ሁለት ቱቦ አለው፤ ሰማያዊ ምልክት ያለበት ቀዝቃዛውን ያስገባል፣ ቀይ ምልክት ያለበት ሙቁን ያወጣል፡፡ ውስጡ ደግሞ ሦስት ነገሮች አሉ፡፡ አንደኛው ውሃውን የሚያሞቀው ብረት ነው፤ ባለሙያዎቹ ሬዚስታንስ ይሉታል፡፡ ሁለተኛው «በቃ፣ ሞቋል» ብሎ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ቴርሞስታት ነው፡፡ ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የማግኒዥየም ዘንግ ነው፡፡

ይህ ዘንግ የቤቱ ሰማዕት ነው ብንል አላጋነንም፡፡ ውሃ ብረት መብላቱ አይቀርም፤ ማግኒዥየሙ ግን ከብረቱ ቀድሞ የሚበላ ነውና በርሜሉን ለማዳን ራሱን አሳልፎ ይሰጣል፡፡ ተበልቶ ሲያልቅ ተራው የበርሜሉ ነው፡፡ በርሜሉ ከተበሳ ደግሞ ብየዳም ማጣበቂያም አይመልሰውም፤ አዲስ ቦይለር መግዛት ነው፡፡ ዘንጉ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ታይቶ ሲሳሳ ቢቀየር ቦይለሩ ዕድሜ ይኖረዋል፡፡ ግን ስንት ቤት ውስጥ ነው ይህ ዘንግ ታይቶ የሚያውቀው?

ስለ ጊዜም አንድ ሒሳብ እንሥራ፡፡ 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፡፡ የቦይለራችሁ ጉልበት 1,500 ዋት ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወስድበታል ማለት ነው፡፡ እናም አሥር ደቂቃ አብርቶ «ይህ ቦይለር አያሞቅም» ማለት ዕቃውን ያለ ጥፋቱ መክሰስ ነው፡፡

ጠብታዋን አትድፈኗት

አሁን ወደ ትንሿ ቫልቭ እንምጣ፡፡ በሰማያዊው መግቢያ ላይ፣ ከቦይለሩ ሥር፣ ትንሽ ማንሻ ያላት የነሐስ ዕቃ አለች፤ ወይም ልትኖር ይገባል፡፡ ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች፡፡ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፡፡ 50 ሊትሩ ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ጭማሪ ያመጣል፡፡ በርሜሉ አይለጠጥም፣ ውሃም አይጨመቅም፡፡ ስለዚህ ጭማሪው መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫው ቫልቯ ናት፡፡ ቦይለሩ በርቶ ሳለ ከቫልቯ ጠብ ጠብ የምትለው ውሃ ታዲያ ብልሽት ሳትሆን የሥራዋ ምልክት ናት፡፡

ከመካከላችን አንዱ ቤት የመጣ የቧንቧ ሠራተኛ ጠብታዋን ዓይቶ ምን እንዳለ እንንገራችሁ፡፡ «ወንድሜ፣ ይቺ ነገር ወለሉን ታበላሽብሃለች፤ ልድፈናትና ትገላገላለህ!» በደግነት ነው የተናገረው፡፡ ግን የዋህ ደግነት ነው፡፡ ቫልቯ ከተደፈነች በኋላ አንድ ቀን ቴርሞስታቱ ቢጣበቅና ኤሌክትሪኩን አልቆርጥም ቢል ምን ይሆናል? አዲስ አበባ ላይ ውሃ በክፍት ድስት 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፡፡ በተዘጋና ግፊት ባለበት በርሜል ውስጥ ግን ሳይፈላ መቶን አልፎ ይሄዳል፡፡ በርሜሉ መቋቋም አቅቶት የተቀደደ ጊዜ ከዚያ ውሃ ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ከመጣበት ውሃ ከ1,600 ጊዜ በላይ ቦታ ይፈልጋል፡፡ እንግዲህ ያን ሁሉ ቦታ ባኞ ቤታችን ውስጥ ከየት ያመጣዋል? ግድግዳና ጣሪያ ገፍቶ ነው የሚያገኘው፡፡

ጠብታዋ ካስቸገረች መፍትሔው ቀላል ነው፡፡ ከቫልቯ አፍ ቀጭን ቱቦ ገጥሞ ወደ ውሃ መውረጃው ማዞር፡፡ የቱቦው ጫፍ ግን ክፍት መሆን አለበት፡፡ ቦይለሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞም ሳለ ያለማቋረጥ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወይ ቫልቯ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል፣ ወይ የቧንቧው ግፊት በዝቷል፣ ወይ ቫልቯ አርጅታለች፡፡

ይቺው ቫልቭ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰፈር ሁለተኛ ውለታ አላት፡፡ ውስጧ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ መዝጊያ አለ፡፡ እሱ ከሌለ የሰፈሩ ውሃ ሲሄድ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃም በመጣበት ቱቦ ተመልሶ ሊፈስ ይችላል፡፡ ይህን ያላወቀ ሰው ባዶውን በርሜል አብርቶ ሥራ ይሄዳል፡፡ በደረቁ የበራ ሬዚስታንስ ተቃጥሎ ነው የሚያርፈው፡፡ «ውሃ በጠፋ ቁጥር ቦይለራችን ይቃጠላል» የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ ይቺን ዕቃ ፈልጓት፡፡

ማጥፋት ብቻውን አያድንም

«እሺ፣ እኛ ግን ሁሌም አጥፍተን ነው የምንገባው» ትሉን ይሆናል፡፡ ይህኛው መልስ ትንሽ ያስደነግጣል፡፡ ወደ ቦይለሩ የሚሄዱት ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ሽቦዎች ሁለት ናቸው፤ ፌዝና ኒውትራል፡፡ ግድግዳው ላይ ያለችው ማብሪያ ማጥፊያ ብዙ ጊዜ የምትቆርጠው አንዱን ብቻ ነው፡፡ የገጠመው ሰው ሽቦዎቹን አቀያይሮ ከሆነ የምትቆርጠው ኒውትራሉን ይሆናል፡፡ መብራቷ ጠፍታ፣ ቦይለሩ ቆሞ፣ ፌዙ ግን እስከ ሬዚስታንሱ ድረስ እንደ ገባ ነው፡፡ ስፒና ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚሠራ ከሆነም ክቡ ስፒና በፈለግነው አቅጣጫ ይሰካልና የቱ በየት እንደ ገባ በዓይን አይታወቅም፡፡

ስለዚህ ቤቱ እስኪመረመር ድረስ የሚሻለው ሁለቱንም ሽቦ በአንድ ጊዜ በሚቆርጥ ባለ ሁለት መስመር ብሬከር ማጥፋት ወይም፣ እጃችን ደረቅ ሳለ፣ ስፒናውን መንቀል ነው፡፡ ዘላቂው መፍትሔ ግን ግራውንድ የሚባለው የመሬት ሽቦ ነው፡፡ ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ወይም ወደ በርሜሉ ቢያፈተልክ ወደ መሬት የሚወርድበትን አቋራጭ የሚሰጠው እሱ ነው፡፡ እሱ ከሌለ አቋራጩ እኛ ነን፡፡

እዚህ ላይ ሶኬቱን ዓይቶ መጽናናት አይበቃም፡፡ በጎንና በጎኑ የብረት ምላስ ያለው ሶኬት ሁሉ ከጀርባው ሽቦ አለው ማለት አይደለም፡፡ ምላሱ አለ፣ ሽቦው የለም፤ ወይም ሽቦው አለ፣ ወደ መሬት የሚደርስበት ቦታ የለም፡፡ ይህን የሚያውቀው መለኪያ የያዘ ኤሌክትሪሺያን ነው፡፡ እሱን ስትጠሩ አንድ ነገር ጨምራችሁ አስገጥሙ፤ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚቆርጥ መከላከያ አለ፡፡ 30 ሚሊ አምፔር የሚል ተጽፎበታል፤ «ቲ» የሚል ፊደል ያለባት የመሞከሪያ ቁልፍም አለችው፡፡ ያቺን ቁልፍ በወር አንድ ቀን ተጫኗት፡፡ ከቆረጠ ጤነኛ ነው፡፡

ሻወሩ አናት ላይ የሚገጠሙት፣ ውሃውን እያለፈ ሳለ የሚያሞቁት ትንንሾቹም ከዚህ ሕግ አያመልጡም፡፡ እንዲያውም ይብሳሉ፡፡ 5,000 ዋት የሚል የተጻፈበት በ220 ቮልት ከ22 አምፔር በላይ ይስባል፡፡ ለመብራት ከተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ቀጥሎ መጠቀም እሳት መጥራት ነው፡፡

ቦይለሩ ሲናገር

ቦይለር ከመሞቱ በፊት ይናገራል፡፡ ቋንቋው ከባድ አይደለም፡፡

ምንም ካላሞቀ ከቅርቡ ጀምሩ፡፡ ብሬከሩ ወርዷል? ምልክት መብራቷ በርታለች? ብዙዎቹ ቦይለሮች ከመጠን በላይ ሲሞቁ ራሳቸውን የሚቆርጡበት መከላከያ አላቸው፤ ከሽፋኑ ሥር ያለች ትንሽ ቁልፍ ተጭነው ይመልሱታል፡፡ ሽፋኑን ለመክፈት ግን መጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ፡፡ አንዴ ተጭናችሁ ከተመለሰ ጥሩ፤ ደጋግማ የምትቆርጥ ከሆነ ደጋግሞ መጫን መልእክተኛውን እንደ መደብደብ ነው፡፡ ቴርሞስታቱ ታሟል፡፡

ቦይለሩ በበራ ቁጥር ብሬከር የሚወርድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሬዚስታንሱ ተሰንጥቋል፡፡ እዚህ ላይ የሰፈር መፍትሔ አለች፤ ብሬከሩን በትልቅ መቀየር፡፡ እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፡፡ 16 አምፔሩን አንሥቶ 32 መትከል ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እስኪቀልጥ ዘበኛው እንዲተኛ መፍቀድ ነው፡፡

ውሃው ዝገት ከያዘ ሁለቱንም ሮቢኔት ለየብቻ ክፈቱ፡፡ ከቀዝቃዛውም ዝገት የሚወጣ ከሆነ ጣጣው የቧንቧው ወይም የሮቶው ነው፡፡ ከሙቁ ብቻ ከሆነ ግን ያ ማግኒዥየም ዘንግ አልቆ በርሜሉ መበላት ጀምሯል፡፡

ሲሞቅ የሚንተከተክ፣ ጠጠር የሚያንከባልል ዓይነት ድምፅ ካሰማ ደግሞ ውስጡ ኖራ ይዟል፡፡ የውሃው ጠባይ እንደየአገሩ ነው፡፡ ድሬዳዋና መቀሌ የኖረ ሰው የማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል፡፡ አዲስ አበባም ብትሆን ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ እኩል አይደለም፤ የጉድጓዱ ይበልጥ ማዕድን ይይዛል፡፡ ያ ቅርፊት ሬዚስታንሱ ላይ ካባ ሆኖ ሲደረብ ሙቀቱን ወደ ውሃው እንዳይለቅ ያፍነዋል፤ ሬዚስታንሱም በራሱ ሙቀት ይቃጠላል፡፡

የሙቀቱን መጠን በተመለከተ 60 ዲግሪ ደህና ነው፡፡ ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ለብ ያለ ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ሌጂዮኔላ የሚባለው ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ይመቸዋል፡፡ ሆኖም 60 ዲግሪ ያለው ውሃ ቆዳ ላይ 5 ሰከንድ ያህል ከቆየ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ከዚያም ፈጥኖ፡፡ ሕፃን ልጅ ስታጥቡ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ክፈቱ፣ ቀጥሎ ሙቁን፣ በክንዳችሁም ሞክሩት፡፡

በዓመት አንድ ጠዋት

ዓመታዊው ጥገና ግማሽ ቀን አይፈጅም፡፡ ለእንቁጣጣሽ ቤት ስናጸዳ አብረን ብናደርገው ለማስታወስም ይቀላል፡፡ ኤሌክትሪኩ ከብሬከሩ ይቆረጣል፤ ውሃው እስኪበርድ ይጠበቃል፤ የመግቢያው ቧንቧ ተዘግቶ በርሜሉ ይፈስሳል፡፡ የሥሩ ክዳን ይከፈትና ሬዚስታንሱ በአቼቶ ተዘፍዝፎ ኖራው ይለቃል፤ የተጠራቀመው ደለል ይታጠባል፤ ዘንጉ ይታያል፤ የክዳኑ ጎማ ይቀየራል፡፡ ከዚያ ተዘግቶ ይሞላል፡፡ ባለሙያ ቢሠራው ይመረጣል፡፡

ለባለሙያውም ለእኛም አንድ ሕግ አለች፡፡ ሙቁን ሮቢኔት ከፍታችሁ ውሃው ያለ አየር መንተፋተፍ ወጥ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ ኤሌክትሪክ አይበራም፡፡ ሬዚስታንስ ተቀይሮ በማግሥቱ «ተቃጠለ» የሚባለው ይቺ ሕግ ስትዘለል ነው፡፡

የማን ነው?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለቤቱ ባለቤት ይቀላል፡፡ ግን አብዛኞቻችን ወጣቶች ተከራይ ነን፡፡ ከመካከላችን አንዷ የተከራየችው ቤት ቦይለሩ ብሬከር መጣል ሲጀምር ለአከራይዋ ደወለች፡፡

«እትዬ፣ ቦይለሩ ሲበራ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ኤሌክትሪሺያን ይልኩልኛል?»

«እንዴ የኔ ልጅ፣ ስትገቢ እኮ ይሠራ ነበር! አጥፍተሽ ነው አይደል የምትታጠቢው?»

ይኸው ነው የኪራይ ቤት ቦይለር ዕጣ፡፡ አከራይዋ በዚያ ውሃ አይታጠቡበትም፡፡ ተከራይዋ ደግሞ «ለሰው ዕቃ ለምን ገንዘቤን አወጣለሁ? ነገ እወጣለሁ» ትላለች፡፡ ሁለቱም እንደየራሳቸው ልክ ናቸው፤ ቦይለሩ ግን እናትም አባትም የለውም፡፡ እሷ ስትወጣ ሌላ ተከራይ ይገባል፤ የሚወርሰውም አደጋውንና ያቺን ትዕዛዝ ነው፡፡

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፡፡ እንግዲህ ውሉ ከተጻፈ አይቀር የበርና የመስኮት ቁጥር ብቻ አይቆጠርበት፡፡ አንዲት አንቀጽ ትግባ፡፡ የመሬት ሽቦው በዚህ ቀን ተመርምሯል፤ ሴፍቲ ቫልቭ አለ፤ ሬዚስታንስ፣ ዘንግ፣ ቴርሞስታትና ቫልቭ ሲያልቁ የአከራይ ናቸው፤ ተከራይ በየወሩ ቫልቯንና መከላከያውን ይሞክራል፣ ብልሽት ባየ ቀን ያሳውቃል፡፡ በቃ፡፡ ለአከራይም ቢሆን ቫልቭና ዘንግ መቀየር አዲስ ቦይለር ከመግዛት ይረክሳል፤ የሰው ነፍስ ዋጋ ሳይገባበት ማለት ነው፡፡

የምንጠብቀውን ተቃውሞ እናውቀዋለን፡፡ «ውሃው በፈረቃ፣ መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ ኪራዩ ሰማይ ነክቶ፣ እናንተ ስለ ቫልቭ ታወራላችሁ?» አዎ፣ እናወራለን፡፡ የመብራቱንና የውሃውን መሥሪያ ቤት ዛሬ ማታ አንለውጠውም፡፡ ቫልቯን ግን መቀየር እንችላለን፤ ዋጋዋም የሦስት ጓደኛሞች የቅዳሜ ክትፎ አይሞላም፡፡ ደግሞም ውሃው ሄዶ የሚመጣበት፣ መብራቱ ወጣ ገባ የሚልበት ቤት ነው ቦይለሩን ይበልጥ የሚጎዳው፡፡ ችግሩ በበዛበት ቤት ጥንቃቄው ይብዛ እንጂ እንዴት ይቀንሳል?

እናም ለዛሬ አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ፡፡ ቦይለሩን በብሬከሩ አጥፉት፣ ይብረድ፡፡ ከሥሩ ያቺን የነሐስ ቫልቭ ፈልጉ፡፡ ፊታችሁን ራቅ አድርጋችሁ ማንሻዋን ቀስ ብላችሁ አንሡና መልሱ፡፡ ውሃ ፈስሶ ከቆመ ደህና ናት፤ በሚቀጥለው ወር ትገናኛላችሁ፡፡ ምንም ካልወጣ፣ ወይም ወጥቶ አልቆምም ካለ፣ ጊዜዋ አልፏል፡፡ ከሥሩ ጭራሽ ቫልቭ ከሌለ ደግሞ ቦይለሩን አታብሩት፡፡ ለአንድ ሳምንት ውሃ በምድጃ አሙቁና በባልዲ ታጠቡ፡፡ እስከዚያው ለኤሌክትሪሺያኑም ለቧንቧ ሠራተኛውም ደውሉ፡፡